ማለቂያ የሌለው ዝርዝርና ጳጉሜን 6

ትምህርት ቤታችን የሚሠራው በኬንያ ካላንደር ነው፤ ብዙዎቻችን ግን እንቁጣጣሽን የምናከብረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ለበዓሉ ለማስፈቀድ ሲመጡ «ዘንድሮ ሴፕቴምበር 11 ነው ወይስ 12?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። መልሱ ያለው ጳጉሜን ላይ ነው። ያለፈችው ጳጉሜን 5 ቀን ከነበረች በዓሉ በ11፣ 6 ቀን ከነበረች በ12 ይውላል። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው።

በኮምፒውተር ክበባችን ይህን ሕግ ሃስኬል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍነው። ሃስኬል በ1990 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ቋንቋ ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያና የኡጋንዳ ሴቶች አዲስ አበባ ላይ ተምረውታል።

መጀመሪያ «ከ2018 ጀምሮ ያሉ ዓመታት ሁሉ» የሚል ዝርዝር ሠራን፤ መጨረሻ አላበጀንለትም። ቀጥሎ ፊልተር በተባለው ማጣሪያ ጳጉሜን 6 የሆነችባቸውን ዓመታት ብቻ ለየን። አንዲት ተማሪ «ታዲያ ኮምፒውተሩ መቼ ቆጥሮ ይጨርሳል?» አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። በብዙ ቋንቋዎች ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ካልተሠራ ወደሚቀጥለው ሥራ አይታለፍም። ሃስኬል ግን ሌዚ፣ ማለትም ሰነፍ ነው፤ እስኪጠየቅ ድረስ አይሠራም። «የመጀመሪያዎቹን 3 ስጠኝ» ስንለው 2019፣ 2023፣ 2027 ብሎ ቆመ። ከ2027 በኋላ ያሉትን ዓመታት ጨርሶ አልነካቸውም።

ነገሩ እንግዳ ሲመጣ እንደሚጋገር እንጀራ ነው። ሊጡ ተቦክቶ ይጠብቃል፤ የሚጋገረው ለተቀመጠው ሰው ልክ ነው። አንዴ የተጋገረው መሶብ ውስጥ ስለሚገባ ዳግመኛ አይጋገርም። ሃስኬልም ለዝርዝሩ ስም ሰጥተን ካስቀመጥነው፣ አንዴ ያሰላውን ይዞ ያቆየዋል እንጂ እንደገና አያሰላውም።

ስንፍናው ግን ወጥመድ አለው። በሌላ ቀን «ከ2030 በታች የሆኑትን አጣራ» ብለን በዚያው ፊልተር ጠየቅን። ሦስቱ ቁጥሮች ወጡ፤ የዝርዝሩ መዝጊያ ቅንፍ ግን አልመጣም። ብንጠብቅ፣ ብንጠብቅ ዝም። ልጆቹ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሏቸው ደነገጡ። አልተበላሸም፤ እየፈለገ ነበር። ቁጥሮቹ እያደጉ እንደሚሄዱ እኛ እናውቃለን፤ ፊልተር ግን አያውቅም። «ምናልባት ወደፊት ሌላ ትንሽ ቁጥር ይኖራል» ብሎ አንድ በአንድ እያየ ይቀጥላል። ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጭነን አስቆምነው።

መፍትሔው ቴክ ዋይል የተባለው ትእዛዝ ነው። እርሱ ሁኔታው እውነት እስከሆነ ድረስ ብቻ ይወስዳል። 2031 ሲደርስ «ከ2030 በታች» የሚለው ሐሰት ይሆናልና ያቆማል፤ ቅንፉም ይዘጋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፦ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር መጻፍ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ የት እንደሚቆም ሳይነግሩ ሁሉንም መጠየቅ ነው። የዝርዝሩን ርዝመት ወይም የመጨረሻውን ቁጥር ብትጠይቁም መልስ አታገኙም።

መልመጃ፦ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ጳጉሜን 6 የሆነችባቸውን የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት አውጡ። መልሱ 1995፣ 1999፣ 2003፣ 2007፣ 2011 ነው። ከዚያ እቤት ሂዱና ከቤተሰባችሁ በእነዚህ ዓመታት የተወለደ ሰው ካለ ጠይቁ።