ጥልፍ በስፌት መኪና

የስፌት መኪና ጨርቁን እየሳበ የሚያሳልፈው ከመርፌው ሥር ባሉት ጥርሶች ነው። እንዲህ ያለውን ጥርስ አሜሪካዊው አለን ዊልሰን በ1854 እ.ኤ.አ. በፈጠራ አስመዝግቦታል። ለቀጥታ ስፌት እጅግ ይጠቅማል፤ ለጥልፍ ግን እንቅፋት ነው፤ ጥልፍ ወደ ግራም ወደ ቀኝም መዞር ይፈልጋልና።

ስለዚህ አስቀድሞ ጨርቁን የሚጫነው ብረት ይፈታል፤ ጥርሱም ዝቅ ይደረጋል። ጨርቁ በሁለት ክብ እንጨቶች መካከል እንደ ከበሮ ይወጠራል። ብረቱ ቢፈታም ማንሻውን ማውረድ አይረሳ፤ ካልወረደ የላይኛው ክር ስለሚላላ ከሥር ይተበተባል።

ከዚህ በኋላ የስፌቱን ርዝመት የሚወስነው መኪናው ሳይሆን እጅ ነው። መርገጫውን የሚረግጠው እግር ፈጥኖ እጅ ቢዘገይ ክሩ ይከመራል፤ እጅ ቢቀድም ደግሞ ስፌቱ ይረዝማል፤ መርፌውም ተጣሞ ይሰበራል።

እኔ እናቴ ለገና የምትለብሰውን ቀሚስ ልጠልፍላት ቃል ገብቼአለሁ። እዚሁ ሙጃ በቤታችን መኪና፥ በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ የላሊበላን መስቀል ስለማመድ ሦስት መርፌ ሰበርሁ። ከዚያ ወዲህ እጄና እግሬ መስማማት ጀምረዋል፤ የመስቀሉ ክብ ግን ገና ይጣመምብኛል። በአቡጀዲ ቢበላሽ ግድ የለም፤ እናቴ ራሷ በፈተለችው ቀሚስ ላይ ቢሆን ግን ክሩ ቢፈታም የመርፌው ቀዳዳ ይታያል። ስለዚህ አሥር መስቀል በተከታታይ ሳይጣመም እስክጠልፍ ድረስ ቀሚሱን አልነካውም። እስካሁን የደረስሁት ስድስት ነው። ለመሞከር የምታስቡ ጓደኞቼም ከቁራጭ ጨርቅ እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ።