ኤፖክሲ ስንት ሊትር ይበቃል?

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ ኤፖክሲ ግን አንድ ጊዜ ከፈሰሰ አይለቀምም። ይኸን የተማርነው በገዛ ገንዘባችን ነው።

እዚህ በአሜሪካ በትምህርት ላይ ያለን ሦስት ጓደኛሞች ባለፈው ዓመት፣ በረጅሙ ዕረፍት ሠርተን ካገኘነው አዋጥተን፣ በመኪና የሚጎተት ትንሽ ማደሪያ ከኮምፔንሳቶ ሠራን። እንዲህ ያለውን ተሳቢ የአገሩ ሰው ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጓሮው ሲሠራው ኖሯል። እኛም እንጨቱን በሚገባ ለክተን ቆረጥን፤ ኤፖክሲውን ግን በግምት 4 ሊትር ብቻ ገዛን። የኋላው የታችኛው ጠርዝ ሳይቀባ አለቀብን። «ቀለም ይሸፍነዋል» ብለን ተውነው። ዝናብ በመጣ ጊዜ ውሃው በዚያው ጠርዝ ገባ፤ እንጨቱ አበጠ፤ ንብርብሩም ተላቀቀ። የኋላውን ገጽ እንዳለ ነቅለን ጣልነው። እንግዲህ ሌላው ጓደኛ እንዳይደገምበት ሒሳቡን ከዚህ እናቀርባለን።

1ኛ. ስፋቱን ማወቅ። አንድ ኮምፔንሳቶ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ይኸውም 2.98 ካሬ ሜትር ይሆናል። ማደሪያችን ርዝመቱ 2.44፣ ወርዱና ከፍታው 1.22 ሜትር ነው። ወለሉ አንድ፣ ጣራው አንድ፣ ሁለቱ ጎኖች ሁለት፣ የፊቱና የኋላው ገጽ ተደምረው አንድ ኮምፔንሳቶ ይወስዳሉ። በድምሩ 5፣ ማለት 14.9 ካሬ ሜትር በውጭ፣ ያንኑ ያህልም በውስጥ አለ። የበርና የመስኮቱን ቀዳዳ አንቀንስም፤ መጠባበቂያ ይሁነን።

2ኛ. ውፍረቱን ማወቅ። 1 ሊትር ፈሳሽ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ቢዘረጋ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መሸፈኛ ኤፖክሲ የሚተን ማቅጠኛ ስለሌለው የቀባነው እዚያው ይቀራል። የመጀመሪያውን ቅብ እንጨቱ ስለሚጠጣው 0.15 ሊትር በካሬ ሜትር እናስባለን፤ ለተከታዮቹ 0.10 ይበቃል።

3ኛ. ማባዛት። ውጭውን ሦስት ጊዜ ብንቀባ በካሬ ሜትር 0.35፣ ውስጡን አንድ ጊዜ ብንቀባ 0.15፣ በድምሩ 0.50 ሊትር ይሆናል። 14.9 በ0.50 ሲባዛ 7.45 ሊትር ነው። ጠርዞቹ ስፋታቸው ጥቂት ቢሆንም ከገጹ ይልቅ ብዙ ስለሚጠጡ ሩብ ሊትር እንጨምር፤ 7.7 ሊትር ይሆናል። በሩሎውና በጣሳው ላይ ለሚቀረው ከመቶ 20 ስንጨምር 9.24 ሊትር ይመጣል። ድብልቁ ሁለት እጅ ሬዚን ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ ከሆነ፣ 6.16 ሊትር ሬዚንና 3.08 ሊትር ማጠንከሪያ ማለት ነው። የብርጭቆ ጨርቅ የሚያለብስ ሰው የጨርቁን ለብቻው ያስላ።

የእንጨቱ ጠባይ ስለሚለያይ አስቀድሞ መፈተን ይሻላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ቁራጭ እንቀባና ጣሳውንና ሩሎውን ከመቀባታችን በፊትና በኋላ በሚዛን እናያለን። የጎደለው ግራም ለ1.1 ሲካፈል ሚሊ ሊትሩን ይሰጣል፤ ያንን በ4 ስናባዛ የአንድ ካሬ ሜትሩን እናገኛለን።

ሒሳቡ ትክክል ሆኖ ሥራው እንዳይበላሽ ደግሞ እነዚህን እናስታውስ። እንዲቸኩል ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር አይገባም፤ በጣሳው ላይ የተጻፈው ልክ ይጠበቅ። በጠባብ ጣሳ ብዙ ከተደባለቀ ግሎ ይጨሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን ደባልቆ በሰፊ ዝርግ ዕቃ መገልበጥ ነው። ሁለተኛው ቅብ የመጀመሪያው ፈጽሞ ሳይጠነክር ይከተል፤ ከጠነከረ ግን በውሃ ታጥቦ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ። የብሎን ቀዳዳም ውስጡ ይቀባ። ቆዳን ስለሚጎዳ ያለ ጓንት አይነካ። በመጨረሻም የፀሐይ ብርሃን ኤፖክሲን ስለሚያበላሽ በላዩ ቀለም መቀባት ግድ ነው።

እኛ 5 ሊትር ለመቆጠብ ብለን አንድ ሙሉ ገጽና የሁለት ሳምንት ድካም ከሰርን። እርሳስና ወረቀት ይዘን ሩብ ሰዓት ብንቀመጥ ኖሮ ይኸ ሁሉ ባልደረሰብን ነበር።