ከክበብ ይዘነው የመጣነው አማና፦ በጎ ፈቃድና መዋጮ በጣና ዳር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ብዙዎቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ክበብ አባል ሆነን ቆይተን ነው። አንዳችን በቀይ መስቀል ክበብ፣ ሌላችን በአካባቢ ጥበቃ፣ ሌላችን ደግሞ በበጎ አድራጎት ክበብ ነበርን። ደብተርና እስክሪብቶ የሌላቸውን ተማሪዎች ለመርዳት በየክፍሉ ካርቶን ይዘን ዞረናል፤ አሮጌ ልብስ ሰብስበናል፤ ችግኝ ተክለናል። ግቢ ከገባን በኋላ ግን አሳይንመንቱና ፈተናው ይበዛና ያ ሁሉ ልምድ «የልጅነት ነገር» ተብሎ ይቀመጣል። በዚህ እትም ትምህርታችን የምናየው ይህንኑ ልምድ ነው፤ ከዲናችን ጋር ምን ዓይነት ዝምድና እንዳለውና እዚህ ባህር ዳር ላይ እንዴት መልሰን ልንሠራበት እንደምንችል እንመለከታለን ኢንሻአላህ።

ተማሪና አገልግሎት በአገራችን

ተማሪ ለሕዝብ ሲሠራ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ ስሙ በየትምህርት ቤቱ ክበቦች ሲጠራ ኖሯል። በ1957 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም የእድገት በኅብረት ዘመቻ የከፍተኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ገጠር አዘመተ። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተማሪ አደረገ። ዛሬም ክረምት ሲመጣ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ሲሰጡ፣ የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲጠግኑና ደም ሲለግሱ እናያለን።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ በመንግሥት ትእዛዝ፣ ሌሎቹ በፈቃድ የተደረጉ ናቸው። ለኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የታዘዘ ሰው የታዘዘውን ጨርሶ ይመለሳል። በፈቃዱ የወጣ ሰው ግን የሚያስወጣው ኒያው ስለሆነ ኒያው ሲደክም ሥራውም አብሮ ይደክማል። ስለዚህ የበጎ ፈቃድ ሥራ የሚጀምረው ከልብ ነው፤ ካርቶኑና ባነሩ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

አንደኛ ትምህርት፦ ሒልፈል ፉዱል

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ መካ ላይ አንድ ከየመን የመጣ ነጋዴ ተበደለ። ዕቃውን የገዛው የመካ ባለሥልጣን ዋጋውን ከለከለው። ነጋዴው በመካ ዘመድ ስላልነበረው በአደባባይ ጮኸ። ያን ጊዜ የተወሰኑ የቁረይሽ ቤተሰቦች በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የመካ ሰውም ሆነ እንግዳ ሐቁ እስኪመለስለት ድረስ አብረውት ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። ወጣቱ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ስብሰባ ነበሩ። ከነቢይነት በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በመልካም አንስተው፣ በእስልምና ዘመን እንኳ ወደ እንዲህ ዓይነቱ ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ለመልካም ሥራ ሙስሊም ካልሆነ ሰው ጋር መተባበር ነውር አይደለም። በሁለተኛ ደረጃ ክበባችን ከክርስቲያን ጓደኞቻችን ጋር ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ የኖርነው ከዚህ መንገድ አይወጣም። ሁለተኛ፣ ያ ስብሰባ የምጽዋት ስብሰባ አልነበረም፤ የተበደለ ሰው ሐቁን እንዲያገኝ የተጠራ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብር ይልቅ አብሮ የሚቆም ሰው ይበልጣል።

ሁለተኛ ትምህርት፦ የመጀመሪያው ከረጢት

ጀሪር ኢብኑ ዐብዲላህ ያስተላለፉትና በሶሒሕ ሙስሊም የሚገኘው ታሪክ ስለ መዋጮ ሙሉ ትምህርት ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሙደር ጎሳ የሆኑ፣ እግራቸው ባዶ፣ ልብሳቸው የተቀዳደደ ሰዎች መዲና መጡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድህነታቸውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቢላልን አዛን አስደርገው ከሰገዱ በኋላ ለሰዉ ኹጥባ አደረጉ። ያለው ከዲናሩ፣ ከልብሱ፣ ከስንዴው፣ ከተምሩ እንዲሰጥ፣ የተምር ግማሽ እንኳ ቢሆን እንዳይንቅ ጠየቁ። አንድ የአንሷር ሰው እጁ ሊሸከመው ያቃተውን ከረጢት ይዞ መጣ። ከሱ በኋላ ሰዉ ተከታተለ፤ የምግብና የልብስ ሁለት ክምር ሆነ። የነቢዩም ፊት በራ። መልካም ፈለግ የጀመረ ሰው የራሱንም፣ የተከተሉትንም ሰዎች ምንዳ እንደሚያገኝ የተናገሩት በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የገንዘብ ማሰባሰብ ሥርዓት አለ። ችግሩ ለሰዉ በግልጽ ተነገረ። የሚሰጠው ነገር በዓይነትም በመጠንም ሰፊ ሆነ። አንድ ሰው ቀድሞ ሰጠ፣ ሌላው ተከተለ። ለጀመዓ አሚሮችና ለክበብ መሪዎች ያለው መልእክት ግልጽ ነው፤ ካርቶኑን ይዞ የሚዞር ሰው መጀመሪያ የራሱን ይክተት።

ትንሽ ስጦታንም አንናቅ። በተቡክ ዘመቻ ጊዜ አንድ ድሃ ሶሓባ ሌሊቱን ውሃ ሲቀዳ አድሮ ካገኘው ተምር ከፍሎ ሲያመጣ ሙናፊቆች አሾፉበት። ብዙ የሰጠውን ደግሞ «ለይዩልኝ ነው» አሉት። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ተውባ 79ኛ አንቀጽ እነዚያን ዘላፊዎች ወቅሷል። በአንድ ክበብ 60 ተማሪ ቢኖርና እያንዳንዱ በሳምንት 5 ብር ቢያወጣ፣ በወር 1,200 ብር ነው፤ በ10 ወር የትምህርት ዘመን 12,000 ብር ይሆናል። 5 ብሩን ያዋጣ ተማሪ ማንም ሊያሾፍበት አይገባም።

ሦስተኛ ትምህርት፦ ገንዘቡ አማና ነው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩ። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ፣ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ግን ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ በሚንበር ላይ ወጥተው ሥራውን ነቀፉ። በእናቱ ወይም በአባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከሕዝብ ለሚሰበሰብ ገንዘብ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መለኪያ ነው። ደብተር ስንገዛ ባለ ሱቁ ቅናሽ ካደረገ፣ ቅናሹ የሳጥኑ ነው። ለጀመዓው ሥራ የተሰጠ የትራንስፖርት ብር ከተረፈ፣ ትራፊው የሳጥኑ ነው።

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ብድርን ስለ መጻፍና ምስክር ስለ ማቆም ነው። ጓደኛሞች ስለሆንን መጻፍ አያስፈልግም የሚል ሰው ይህን አንቀጽ ያስታውስ። መጻፍ መጠራጠር አይደለም፤ ወንድማችንን ከሐሜት መጠበቂያ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እንያዝ።

1. ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚይዘው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ ሲገባ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር፤ ሁለት ሰው ያየው ይሁን።

2. ለእያንዳንዱ ገቢና ወጪ ደረሰኝ ወይም የጽሑፍ ማስረጃ ይኑር። በወር አንድ ጊዜ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ለአባላት ይነገር።

3. ዘካና ሶደቃ በአንድ ሳጥን አይቀላቀሉ። የዘካ ተቀባዮች በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ የተዘረዘሩት ስምንቱ ናቸው። ብዙ ዑለማዎች ዘካን ከነዚህ ውጭ ለሆነ ሥራ፣ ለምሳሌ ለችግኝ ወይም ለግንባታ፣ ማዋል አይፈቅዱም። ሶደቃ ግን ሰፊ ነው፤ ሙስሊም ላልሆነ ጎረቤትም ይሰጣል። ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለበት።

4. ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ ገንዘብ ለዚያው ይዋል። ሐሳብ ከተቀየረ የሰጡት ይጠየቁ።

አራተኛ ትምህርት፦ የሐይቁ ዳር ሰዎች

ከፔዳም ሆነ ከፖሊ ወጥተን ወደ ጣና ስንወርድ የደንገል ታንኳ እናያለን። ያንን ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ናቸው። በሐይቁ ዳር ለረጅም ዘመን የኖሩ፣ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። ጥንት ጉማሬ አዳኞች ስለነበሩ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አርቋቸው ኖሯል፤ አብሮ ለመብላትና ለመጋባት የተጠየፋቸው ብዙ ነው። «ወይጦ» የሚለው ስም ብቻውን መናቂያ ሆኖ ስለቆየ ብዙዎቹ ነገደ መባልን ይመርጣሉ። ዛሬ ደግሞ የሐይቁ ዳርቻ ለሌላ አገልግሎት እየዋለና ደንገሉ እየሳሳ ሲሄድ የኑሯቸው መሠረት ተነክቷል።

ታዲያ በረመዷን የኢፍጧር ምግብ ይዘን ወደነሱ ስንሄድ ምን ይዘን ነው የምንሄደው? ምግቡን ብቻ ይዘን፣ ፎቶ አንስተን፣ በቴሌግራም ለጥፈን ከተመለስን፣ ለዘመናት ከርቀት ሲያያቸው በኖረው ዓይን አየናቸው ማለት ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 264ኛ አንቀጽ መመጻደቅና ማስከፋት ሶደቃን እንደሚያበላሽ አስተምሮናል። ልጇ ከእጃችን ዳቦ ሲቀበል በየስልኩ የታየባት እናት ልቧ ቢሰበር፣ የሰጠነው ዳቦ አይጠግነውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ ሙደሮች በመጡ ጊዜ መዋጮው በይፋ ተደርጎ የለ? አዎ። የዚሁ ሱራ 271ኛ አንቀጽም በይፋ መስጠትን መልካም፣ ለድሆች በስውር መስጠትን ግን የበለጠ ያደርገዋል። ሁለቱን የምናስታርቅበት መንገድ ቀላል ነው፤ ማሰባሰቡ በይፋ ይሁን፣ መስጠቱ በስውር ይሁን። የምናሳየው የሒሳብ መዝገቡን ነው፤ የተቀባዩን ፊት አይደለም።

ደግሞም መጀመሪያ እንጠይቅ። ምናልባት ቤተሰቡ ከአንድ ቀን ኢፍጧር ይልቅ ለልጁ የሒሳብና የእንግሊዝኛ አስጠኚ ይፈልግ ይሆናል። ያ ደግሞ እኛ ብር ሳናወጣ ልንሰጠው የምንችለው ነገር ነው። ቤታቸው ገብተን ያቀረቡልንን ሻይ መጠጣትም ራሱን የቻለ ኸይር ነው። አንዳንዴ መቀበል ከመስጠት በላይ ያከብራል።

አምስተኛ ትምህርት፦ ከዘመቻ ወደ ልማድ

እምቦጭ በጣና ላይ ከታየ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም ከኦሮሚያ የተነሱ ከ200 በላይ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ማለትም «ጣና የኛ ነው» ብለው መጥተው አረሙን ለመንቀል ውሃ ውስጥ ገቡ። ያ ቀን በአገሪቱ የሰዉን ልብ አቀራርቧል። አረሙ ግን በአንድ ዘመቻ አይጠፋም። ከቁራጩ ያቆጠቁጣል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ተነቅሎ በዳር የተተወው ውሃ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል።

የበጎ ፈቃድ ሥራም እንዲሁ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረዋል። በዓመት አንድ ጊዜ 300 ሆነን ወጥተን ከምንጠፋ፣ 10 ሆነን በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ብናስጠና ይሻላል። ዕድሜና ጤና የፈቀደለት በሦስት ወር አንዴ ደም ይለግስ። ከሁለተኛ ደረጃ ክበቦች ጋር የሚገናኝ አንድ ሰው ይመደብ፤ የዛሬ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነገ የጀመዓችን አባል ነው። ተመራቂዎችም ከመሄዳቸው በፊት መዝገቡንና ሥራውን ለታናናሾቻቸው በጽሑፍ ያስረክቡ፤ አለበለዚያ በየዓመቱ ከዜሮ እንጀምራለን።

ለሐለቃ መወያያ

- በሁለተኛ ደረጃ ክበባችሁ ከሠራችሁት ሥራ ውስጥ እዚህ ሊቀጥል የሚችለው የትኛው ነው?
- የጀመዓችን የመዋጮ አሰባሰብ በኢብኑል ሉትቢያ ታሪክ ሲመዘን ምን ይጎድለዋል?
- ወደ ሐይቁ ዳር ወገኖቻችን ስንሄድ የምንጠይቃቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን?

አላህ ሥራችንን ከይዩልኝ ያጥራልን፤ በእጃችን ያለውን አማና ጠባቂዎች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።