የመጨረሻዋ ልጅ የት ገባች?

በዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት በዓይን ስለማትታይ ምልክት ላወጋችሁ ነው። ምልክቷን ያወቅኳት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አጥፍቼ ነው።

ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት እዚሁ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነበር። ኮምፒዩተር ይነካካል ተብዬ የ4ኛ ክፍል ሁለት ሴክሽኖችን ስም ዝርዝር አንድ ላይ አድርጌ የፈተና ቁጥር እንድሰጥ ታዘዝኩ። ሴክሽን ሀ 42 ተማሪዎች፣ ሴክሽን ለ 39 ተማሪዎች አሏቸው። ስሞቹን ሁለቱ ስም ጠሪ መምህራን በየፊናቸው በኮምፒዩተር ጽፈው፣ በፊደል ተራ ደርድረው ሰጡኝ። እኔም ሊኑክስ ላይ ካት በሚባለው ትእዛዝ ሁለቱን ፋይሎች ቀጣጠልኩና፣ መስመር በመስመር እያነበበ ቁጥር የሚሰጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ከ1 እስከ 79 ሰጠ። ላረጋግጥ ብዬ መስመር የሚቆጥረውን ደብልዩሲ የተባለ ትእዛዝ ብጠይቀው እሱም 79 አለኝ። ሁለት ምስክር ከተስማማ ምን ቀረ? አትሜ ለጠፍኩት። 42 እና 39 ስንት እንደሚሆን መደመር ግን አላሰብኩም፤ ይህን የሚያነቡ የሒሳብ መምህራችን ይቅር ይበሉኝ።

በፈተናው ጠዋት ሁለት ልጆች አንድ ወንበር ላይ ተገናኙ፤ ሁለቱም ቁጥራቸው 42 ነው። አንዷ ደግሞ ጭራሽ ቁጥር የላትም። የሴክሽን ለ የመጨረሻዋ ተማሪ ናት፤ ስሟ በ«ፈ» ይጀምራል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከትላ ስትጨርስ «መምህር፣ እኔ የለሁም እንዴ?» አለችኝ። ይህቺ ልጅ ትምህርት ቤቶች በ2012 ዓ.ም. በኮሮና፣ ከዚያም በጦርነቱ ሳቢያ ተዘግተው እስከ 2015 ዓ.ም. እቤት ከዋሉት አንዷ ናት። ርእሰ መምህሩ በእጃቸው ቁጥር ጽፈው አስገቧት፤ እኔ ግን እስከ ማታ ድረስ አንገቴን ቀና አላደረግኩም።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? 81 ልጆች እንዴት 79 ሆኑ?

የጽሕፈት መኪና የተጠቀመ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንድ መስመር ጽፈን ስንጨርስ ማንሻውን ገፍተን ወደሚቀጥለው መስመር እንወርዳለን። የመጨረሻውን መስመር ጽፎ ማንሻውን ሳይገፋ የተነሣ ሰው ቢኖር፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ጸሐፊ የሚጀምረው እዚያው ከፊተኛው ስም ጎን ነው። በኮምፒዩተርም ያው ነው። በየመስመሩ ጫፍ አዲስ መስመር የምትባል ምልክት አለች፤ የቁጥር ስሟ 10 ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ሲወስድ፣ እሷ የምትወስደው 1 ባይት ብቻ ነው። አንዳንዱ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም በፋይሉ መጨረሻ ራሱ ይጨምራታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጸሐፊው ካልነካ አይጨምርም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና ቆም ብለን እንየው። በጥንቱ አጻጻፋችን በቃልና በቃል መካከል የምትገባው ሁለት ነጥብ ለያይ ናት። አራት ነጥብ ግን ለያይ ብቻ አይደለችም፤ ዘጊ ናት። ከኋላዋ ሌላ ዓረፍተ ነገር ኖረም አልኖረም ዓረፍተ ነገሩ በእሷ ይዘጋል። አዲስ መስመርም እንዲሁ ዘጊ ናት። ፖዚክስ የተባለው የእነዚህ መሣሪያዎች ደንብ መስመርን የሚተረጉመው ከነዘጊዋ ነው፤ ዘጊ የሌለው ጽሑፍ በደንቡ ሙሉ መስመር አይደለም። እኛ ግን ልክ እንደ ሁለት ነጥብ በመካከል ብቻ የምትገባ ይመስለንና መጨረሻው ላይ እንተዋታለን።

አሁን ስሌቱን እንሥራ። በሴክሽን ሀ ፋይል ውስጥ ስሞች 42፣ ዘጊዎች 41። በሴክሽን ለ ስሞች 39፣ ዘጊዎች 38። ካት ምንም ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲቀጥላቸው የሀ የመጨረሻ ስምና የለ የመጀመሪያ ስም ተጣብቀው አንድ ረጅም ስም ሆኑ፤ የ42 ቁጥር ጉድ ይኸው ነው። ደብልዩሲ የሚቆጥረው ስም ሳይሆን ዘጊ ስለሆነ 41 እና 38 ደምሮ 79 አለ። ፕሮግራሜ ውስጥ የሚያነበው ሪድ ደግሞ ዘጊ የሌላትን የመጨረሻ ስም ያነባታል፤ ነገር ግን ዘጊውን ሳያገኝ ፋይሉ ስላለቀበት «አልተሳካም» ብሎ ይመልሳል፣ ዙሩም ይቆማል። ሁለቱ ምስክሮቼ የተስማሙት እውነቱን አይተው ሳይሆን ሁለቱም በአንድ ቦታ ስለታወሩ ነው።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ሴድ ከሚባለው መሣሪያ ነው። ሴድ ጽሑፍ እንደ ወንዝ ሲፈስ እያረመ የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው፤ የቤል ላቦራቶሪዎቹ ሊ ማክማሆን እ.ኤ.አ. በ1973 እና 1974 የሠሩት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ መስመር ያነሣል፣ ዘጊዋን ይነቅላል፣ የታዘዘውን እርማት ያደርጋል፣ ዘጊዋን መልሶ ተክሎ ያወጣል። ሊኑክስ ላይ ያለው የግኑ ሴድ ታማኝ ነው፤ የመጨረሻዋ መስመር ዘጊ ሳይኖራት ከመጣች ሳይኖራት ትወጣለች። ያልተሰጠውን አይጨምርም። ሁለት ፋይል በተራ ብትሰጡት ግን በመካከል ያለችውን የጎደለች ዘጊ ራሱ ይሞላታል፤ ስለዚህ በካት ፈንታ ሴድን ብጠቀም ኖሮ ሁለቱ ልጆች አይጣበቁም ነበር። የመጨረሻዋ ልጅ ግን ያኔም ትቀር ነበር።

የመጀመሪያ ሙከራዬ በመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ አዲስ መስመር እንዲተካ ማዘዝ ነበር። ዘጊ ለጎደላት ፋይል ሠራ። ዘጊ ላላት ስሞክረው ግን ሌላ ጨመረባትና ባዶ መስመር ወለደ፤ ፕሮግራሜም ለባዶው መስመር ቁጥር ሰጠው። የነበረችውን ልጅ አጥፍቼ ያልነበረ ልጅ ልፈጥር!

ትክክለኛው ትእዛዝ ከዚህ ያጥራል። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ የ$ ምልክት፣ ቀጥሎ ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤ፣ ቀጥሎ \ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። $ ማለት የመጨረሻዋ መስመር፣ ኤ ማለት ከእሷ በኋላ ጨምር ማለት ነው፤ የሚጨመረው ግን ባዶ ነው። ሴድ ከመጨረሻዋ መስመር በኋላ ሊጨምር ሲነሣ መጀመሪያ ዘጊ መኖሯን ያያል፤ ከሌለች ይተክላል፣ ካለች ይተዋል። አሥር ጊዜ ብትደጋግሙት ፋይሉ አይበላሽም። በሁለቱ ዝርዝሮች ላይ አንድ ላይ ስሞክረው ደብልዩሲ 81 አለ። ታዲያ ሴድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና፣ በሌላ ማሽን ላይ በቅጂ ሳትሞክሩ ዋናውን ፋይል አትንኩ።

ቁጥር የሚሰጠው ፕሮግራምም ይታረማል፤ ሪድ «አልተሳካም» ቢልም የያዘውን ስም አልጣለምና፣ «ወይም በእጅህ ያለው ስም ባዶ ካልሆነ ቀጥል» የሚል ሁኔታ ይጨመርለታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። በፊደል ተራችን መጨረሻ ላይ ያሉት ጸ፣ ፀ፣ ፈ እና ፐ ናቸው። ስህተቱ በየጊዜው ቢደገም የሚቀሩት ልጆች ከእነዚሁ ፊደላት ስር ያሉት ናቸው፤ በዕጣ እንኳ አይደርስም።

እንካችሁ መልመጃ። ሦስት ፋይሎች አሉ፤ በውስጣቸው በተራ 20፣ 25 እና 30 ስሞች አሉ። ዘጊዋ የጎደለችው በአንደኛውና በሦስተኛው መጨረሻ ነው። በካት ቢቀጣጠሉ ደብልዩሲ ስንት ይላል? በዓይን የሚታዩት መስመሮችስ ስንት ናቸው? ኮምፒዩተር ሳትነኩ በእርሳስ ሥሩና መልሳችሁን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ጻፉ፤ ቦታ ትቼላችኋለሁ።