ፎሊክ አሲዱ ከእርግዝናው ይቅደም፦ ለርሖቮት እናቶች

አብዛኛዋ ሴት ቲፓት ሐላቭ (የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ) የምትሄደው ማርገዟን ካረጋገጠች በኋላ ነው። የፅንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቱቦ ግን በተፀነሰ በ28ኛው ቀን አካባቢ ተዘግቶ ያልቃል። ያን ጊዜ የወር አበባዋ ከዘገየ ገና 2 ሳምንት ቢሆነው ነው። ቱቦው በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ የአከርካሪ ክፍተት ይዞ ሊወለድ፣ ከባሰም ላይተርፍ ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ፎሊክ አሲድ ነው። በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከመፀነስ 3 ወር ቀደም ብሎ ተጀምሮ ቢያንስ እስከ 3ኛው የእርግዝና ወር መጨረሻ ይወሰዳል። ፋርማሲ ገብተው «ሁምጻ ፎሊት» ቢሉ ያለ ማዘዣ ይሰጡዎታል። ጥቅሙ የተረጋገጠ ነው፤ እስራኤልን ጨምሮ በ7 አገሮች ተካሂዶ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ በወለዱ እናቶች ዘንድ ችግሩ እንዳይደገም 72 በመቶ መከላከሉን አሳይቷል። እነዚያ እናቶች የወሰዱት ግን 4 ሚሊግራም፣ ማለትም የተለመደውን 10 እጥፍ ነበር። እርስዎም እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው ከነበረ፣ ስኳር ካለብዎት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከወሰዱ፣ ከማርገዝዎ በፊት ሐኪም ያማክሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን በራስዎ እንዳያቋርጡ።

ቀጥሎ ደም መመርመር ነው። የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ሐኪምዎን የደም ቆጠራ፣ ፌሪቲን፣ ቢ12 እና ቫይታሚን ዲ እንዲያዝልዎት ይጠይቁ። ቢ12ን አጥብቀው ይያዙ። በሥጋ፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በእንጀራ፣ በሽሮና በጎመን አይገኝም፤ በጾምም በኑሮም ምክንያት ከነዚህ የራቀች ሴት ሊያጥራት ይችላል። ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲወሰድ የደም ማነሱን አሻሽሎ የቢ12 እጥረቱን ይሸፍናል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል።

ቫይታሚን ዲ ላይ «በርሖቮት ፀሐይ ምን ይጎድላል?» የሚል አይጠፋም። ጠቆር ያለ ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጎንደር እርሻ ላይ የዋለች እናትና እዚህ ቢሮ የምትውል ልጇ እኩል ፀሐይ አያገኙም። ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ላይ እጥረቱ በብዛት እንደሚታይና በእርግዝና እንደሚባባስ በ1995 እ.ኤ.አ. እዚሁ እስራኤል ታትሟል። ውጤቱን ሲያነቡ መለኪያውን ይዩ፦ 40 ናኖሞል በሊትር ዝቅተኛ ነው፤ 40 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ግን ጥሩ ነው። ከባድ እጥረት የሕፃኑን አጥንት ይጎዳል። ቫይታሚን ዲ ያለ ጊዜ መውለድን ይከላከላል የሚለው ግን እስካሁን አከራካሪ ነው፤ በዚህ ተስፋ ብዙ መጠን አይዋጡ።

ሄሞግሎቢን ከ12 (ካረገዙ በኋላ ከ11)፣ ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነ የብረት ጉዳይ ከሐኪም ጋር ይነሳ። ክኒኑን በብርቱካን ጭማቂ ይውሰዱት፤ ከተማው የብርቱካን ከተማ ነውና አይቸገሩም። ቡና ግን ብረቱ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ ከአቦሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁት። ጉበት ብረት አለው ተብሎ በመጀመሪያዎቹ ወራት አይዘውተር፤ ቫይታሚን ኤው ሲበዛ ፅንስን ይጎዳል። በዚሁ ምክንያት ሁለት ዓይነት መልቲ ቫይታሚን አይደራርቡ።

ዕብራይስጡ ካስቸገረዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት በቋንቋ ተደራሽ እንዲሆኑ ያዛል፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው አይግቡ። የእርግዝና መከላከያ ለማቆም ካሰቡ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ፎሊክ አሲዱን ዛሬውኑ ይጀምሩ።