ሳይነካ ያለቀው ገንዘብ

በዚህ እትም ስለ ገንዘብ ዋጋ አንድ ትምህርት ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ ከአያቴ አልጋ ሥር የዛገ የወተት ቆርቆሮ አገኘሁ። ስከፍተው ስሙኒ ሞልቶታል። ስሙኒ ማለት 25 ሳንቲም ነው፤ 50 ሳንቲም ደግሞ ሽልንግ ይባላል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። 120 ስሙኒ፣ ማለትም 30 ብር ሆነ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በደርግ ጊዜ ለክፉ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው ልጄ። ሌባ ሳይሰርቀው፣ እኔም ሳልነካው አለቀ» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ያልተነካ ገንዘብ እንዴት ያልቃል? ሳንቲሙ እኮ ያው ነው! በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለ፤ በሌላው በኩል ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። ዓመተ ምሕረቱም በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱ ይላል። ምንም አልጎደለበትም።

ስለዚህ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያኔ በሰፈራቸው አንድ ዳቦ 10 ሳንቲም ነበር። 30 ብር 300 ዳቦ ይገዛ ነበር ማለት ነው። ዛሬ እኛ ሰፈር አንድ ዳቦ 10 ብር ነው። 30 ብር የሚገዛው 3 ዳቦ ብቻ ነው። አያቴ አለቀ ያሉት የቀረውን 297 ዳቦ ነው። የገንዘብ ዋጋ የሚታወቀው በላዩ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን በሚገዛው ነገር ነው።

«ታዲያ ድሮ ሁሉም ሰው ሀብታም ነበር?» አልኳቸው። አያቴ ሳቁ። አያቴ ወንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥበቃ ነበሩ፤ ደመወዛቸው በወር 50 ብር ነበር። ይህ 500 ዳቦ ይገዛል። አሁን እኛ ሰፈር ያለው ጥበቃ በወር 4,500 ብር ያገኛል። ይህ ደግሞ 450 ዳቦ ነው። አያችሁ? ዳቦው 100 እጥፍ ሲጨምር ደመወዙ የጨመረው 90 እጥፍ ነው። ስለዚህ «ድሮ ዳቦ 10 ሳንቲም ነበር» ሲሏችሁ «ደመወዝስ ስንት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም ያኔ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር የሚሸጠው። ዋጋው ቢረክስም ወረፋው ረጅም ነበር፤ አንዳንዴ ተሰልፈው ባዶ እጃቸውን ይመለሱ ነበር።

ዋጋ ለምን ይጨምራል? አንደኛ፣ ዕቃው ሳይበዛ ገንዘቡ ብቻ ሲበዛ ነው። በገበያው 10 ዳቦ ብቻ እያለ የሁላችንም ኪስ ቢሞላ፣ ዳቦው ይወደዳል እንጂ 11 አይሆንም። ሁለተኛ፣ ድርቅ ወይም ጦርነት ምርት ሲቀንስ ነው። ሦስተኛ፣ ነዳጅና ሌሎች ዕቃዎች ከውጭ የሚገዙት በዶላር ስለሆነ ነው። በደርግ ጊዜ 1 ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ፤ ዛሬ ከ100 ብር በላይ ነው።

ታዲያ መቆጠብ ይቅር? አይቅር! ግን ገንዘብ ቆርቆሮ ውስጥ ሲቀመጥ ዋጋው ይቀንሳል። ባንክ ወለድ ይከፍላል። ሆኖም 100 ብራችን በዓመት 7 ብር ወልዶ የ100 ብሩ ዕቃ 120 ብር ከገባ፣ አሁንም ጎድሎብናል። የአያቴ ጎረቤት ያኔ በቆጠቡት ብር ዶሮ ገዝተው እንቁላል ይሸጡ ነበር። ገበያው ሲወደድ እንቁላላቸውም አብሮ ይወደዳል። እርግጥ ዶሮም ይሞታል። አያቴ ግን «የማይሞተውስ ትምህርት ነው፤ እኔ ሳንቲም አስቀመጥኩ፣ አንቺ ትምህርት አስቀምጪ» አሉኝ።

ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለስኩት። አንዷን ስሙኒ ግን ለማስታወሻ ሰጥተውኛል፤ ማየት የሚፈልግ ወደ ክበባችን ይምጣ።

የቤት ሥራ፦ የቤታችሁን ትልቅ ሰው የድሮ የዳቦ ዋጋና የድሮ ደመወዝ ጠይቁና አካፍሉ። ከዛሬው ጋር አወዳድራችሁ መልሱን በክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል