ከሩቅ የታየ ጦርነት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። «ዐመፀኛ» የሚለው ቃል በየት በየት እንደገባ ልብ በሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1810 ሚጌል ኢዳልጎ የተባለ ቄስ በዶሎሬስ መንደር ሕዝቡን በስፔን ገዥዎች ላይ አስነሣ። የሜክሲኮ የነጻነት ጦርነት በዚህ ተጀመረ። ከዚያ ርቃ በስተሰሜን፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ካሊፎርኒያ የምትባል የስፔን ግዛት ነበረች። በዚያ ለሠፈሩት ጥቂት ወታደሮችና መነኮሳት የጦርነቱ የመጀመሪያ ምልክት የመርከብ መቅረት ነበር። ቀድሞ ሳን ብላስ ከተባለው የሜክሲኮ ወደብ መርከብ እየመጣ ደመወዝ፣ ጨርቅና የሥራ መሣሪያ ያራግፍላቸው ነበር። በ1810 መጨረሻ ዐመፀኞቹ ሳን ብላስን ያዙ። ብዙም ሳይቆዩ ቢለቁት እንኳ የመርከቡ ነገር እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ግምጃ ቤቱም ከጦርነቱ ተርፎ ለዳር አገር የሚልከው ገንዘብ አጣ።

ታዲያ ወታደሩን ማን መገበው? ሚስዮኖቹ ናቸው። በሚስዮኖቹ ማሳ የሚያርሱት፣ ከብቱን የሚጠብቁት፣ ጨርቁን የሚሠሩት ደግሞ ከዚያ ወጥተው እንደ ልባቸው መሄድ የማይፈቀድላቸው የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። የሩቁ የነጻነት ጦርነት ሸክም በእነርሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

በኅዳር 1818 ኢፖሊቶ ቡሻርድ በሁለት መርከቦች ሞንተሬይ ደረሰ። በትውልዱ ፈረንሳዊ ሲሆን የሚዋጋው ኋላ አርጀንቲና ለተባለችው አገር ነው። ለላኩት የነጻነት ተዋጊ፣ ለሞንተሬይ ሰዎች ግን የባሕር ወንበዴ ነበር። ገዥው ፓብሎ ቪሴንቴ ዴ ሶላ ወደ መሀል አገር አፈገፈገ፤ ከተማዪቱም ተቃጠለች።

ሜክሲኮ በ1821 ነጻ ስትወጣ ወሬው ካሊፎርኒያ የገባው ከወራት በኋላ ነው። በሚያዝያ 1822 ያው ሶላ ሹማምንቱን ሰብስቦ ለአዲሱ መንግሥት አስማለ፤ ጥቂት ቆይቶም ወደ ሜክሲኮ ሸንጎ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። የትናንቶቹ ዐመፀኞች በአንድ መሐላ መንግሥት ሆኑ። በሚስዮኖቹ የነበረው ሥራ ግን እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በየካቲት 1824 የቹማሽ ሕዝብ በሦስት ሚስዮኖች ሲነሣ «ዐመፀኛ» የሚለው ስም አዲስ ባለቤት አገኘ።

የቃላት አጠቃቀም

«ዐመፀኛ» «ዐመፅ» ከሚለው ስም «-ኛ» የሚለውን ቅጥያ በመጨመር የተገኘ ቃል ነው። «ገበሬ» ወይም «መርከበኛ» ስንል የሰውየውን ሥራ ብቻ እንገልጻለን፤ «ዐመፀኛ» ስንል ግን እኛ ከማን ወገን እንደ ቆምን ጭምር እንናገራለን። ስለዚህ ድርሰት ስትጽፉ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ «እንደ ገዥው አባባል» ወይም «ስፔኖች ዐመፀኛ የሚሏቸው» በማለት ለአንባቢ አመልክቱ። የምንባቡ ጸሐፊ ይህን በአንድ ቦታ ሳያደርግ አልፏል።

መልመጃ

1. ጸሐፊው የሳተበትን ዐረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አርሙ።

2. ያንኑ ዐረፍተ ነገር ከኢዳልጎ ተከታዮች አንዱ እንደሚናገረው አድርጋችሁ ጻፉ።

3. ደመወዙ ለዓመታት የቀረበት የሞንተሬይ ወታደር ለወንድሙ የሚልከውን ደብዳቤ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። «ጦርነት» እና «ነጻነት» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ።